መስኮት የሚዘጋው ሰዓሊ

ትብለጥ ወደ መምህራን ማሰልጠኛው ግቢ የገባችው ሥዕል ልታይ አልነበረም። አዴ ዋሪቱ ከሁሩሙ ያመጡት የማር ቆርቆሮ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ በአንድ ወገን ይዛ እስከ ወጥ ቤቱ ልታደርስላቸው ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ከስልክ ቤት ሥራዋ የምታርፍበት ቀን። አዴ ዋሪቱ መቱ ሲመጡ የሚያድሩት እነትብለጥ ቤት ነው። ከእናቷ ጋር የተዋወቁት ትብለጥ ሳትወለድ ነበር፤ አንዳቸው በኦሮምኛ ይጀምራሉ፣ ሌላዋ በአማርኛ ትመልሳለች፣ መሐል ላይ ይቀያየራሉ። ትብለጥ በዚያ መሐል አደገች። አንድን ነገር በየትኛው ቋንቋ እንደሰማችው ቢጠይቋት ብዙ ጊዜ አታስታውስም፤ የተባለውን ነገር ብቻ ነው የምታስታውሰው።

በሩ ላይ ዘበኛው አራርሳ አስቆማቸውና አፍንጫውን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋ።

«የዘንድሮ ነው?»

«የዘንድሮ ነው፤ ላንተ ግን አይደለም» አሉት አዴ ዋሪቱ።

«እኔ መቼ ማር ጠየቅሁ? ሽታውን ለዘበኛ፣ ማሩን ለአለቃ። እለፉ!»

ከወጥ ቤቱ ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። ኅዳር ነበር፤ በሌላ አገር የሚያባራበት ወር ነው፤ መቱ ላይ ግን ዝናብ ወር አይጠይቅም። ሮጠው ከአራርሳ የቆርቆሮ ጎጆ ሥር ተጠለሉ። ጎጆዋ ለአንድ ሰው ከነጠመንጃው የተሠራች ናት፤ ለሦስት አትበቃም። አራርሳ ትከሻው ሲረጥብበት ጊዜ በአገጩ ወደ ረጅሙ ቤት አመለከታቸው።

«እዚያ ግቡ። ሥዕል አለ። ዛሬ ካላያችሁት ደግሞ ላታዩት ትችላላችሁ።»

«ለምን?» አለች ትብለጥ።

«ካድሬው ጓድ ደርበው አዳራሹን ለመወያያ ክበብ ፈልጎታል። የሥዕል መምህሩ ደግሞ የሥነ ጥበብ ማዕከል ነው፣ አይሆንም አሉ። ዳይሬክተሩ መሐል ገቡና፣ 'ቅዳሜ ለከተማው ሰው ይከፈት፤ ሕዝቡ ከወደደው ይቆይ፣ ካልወደደው ይነሣ' ብለው ፈረዱ። ጓድ ደርበው አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ሕዝቡ ምን አለ ብሎ ይጠይቃል። አለቀ።»

«ሕዝቡስ ምን አለ?»

«እኔ በር ላይ ቆሜ ምን እሰማለሁ? የመምህሩን ፊት ግን ቅድም አይቼዋለሁ። እርጥብ እንጨት ነው የሚመስለው። ዝውውር እንዴት እንደሚጠየቅ ጸሓፊዋን ጠይቀዋታል አሉ።»

ረጅሙ ቤት በፊት የቡና መጋዘን ነበር። መምህር ሽበሺ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣው በመስከረም ነው፤ መጣና ከሠልጣኞቹ ጋር ሆኖ ግድግዳውን በኖራ ቀባ፣ በሁለቱ ወገን የነበሩትን ትልልቅ የእንጨት መስኮቶች ጠገነ፣ በሩ ላይ «የሥነ ጥበብ ማዕከል» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። ቀዩ ለመስከረም ሁለት በዓል ከተጻፉት መፈክሮች የተረፈ ነው። በዚያን ዓመት በመቱ ሱቆች ሌላ ቀለም ጠፍቶ እንኳ ቀይ አይጠፋም ነበር። ሠልጣኞቹ በዚህ ሳምንት ለቡና ለቀማ ስለዘመቱ አዳራሹን የሚጠብቀው መምህሩ ብቻውን ነው።

ትብለጥ ጫማዋን በሩ ላይ ጠርጋ ገባች። የመጀመሪያው ነገር ሽታው ነው። ቡናው ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን በጣውላው ውስጥ ቀርቷል። ሁለተኛው ነገር ጸጥታው ነው። ሦስተኛው ነገር ላይ ስትደርስ መቁጠር ተወች።

ሥዕሎቹ የተሠሩት በአቡጀዲ ላይ ነው፤ አቡጀዲው በሙጫ ተለስኖ በእንጨት ተወጥሯል። ከበሩ አጠገብ ያለው የጎሬን ዳገት ያሳያል። አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ሁሉም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፤ ከኋላ ያለው ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ግን መዳፉን አውቶቡሱ ላይ አስደግፎ ወደ ሌላ ቦታ ያያል። አይገፋም። ትብለጥ ሳቋ አመለጣት። በዚያ ዳገት ስንት ጊዜ ወርዳ ገፍታለች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ያ ሰውዬ ነበረ።

ቀጥሎ ያለው ሥዕል ፊት ስትደርስ አልሳቀችም። ከመቱ ወደ ቡሬ የሚሄደው የስልክ ሽቦ ነው። ሽቦው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየረገበ ጫካ ውስጥ ይገባል፣ ቅጠል ይነካዋል፣ ጉም ውስጥ ይጠፋል፣ ወዲያ ማዶ እንደገና ይታያል። ትብለጥ በየቀኑ የቡሬን ገመድ ትሰካለች፣ «ቡሬ፣ ቡሬ፣ መቱ ነኝ» ትላለች፣ ከወዲያ አንድ ድምፅ ይመጣል። የቡሬ ድምፅ ሁልጊዜ ከሹክሹክታ ጋር ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ ያናድዳት ነበር። አሁን ያ ሹክሹክታ ምን እንደሚመስል አየችው። አረንጓዴ ነው። አንድ ዓይነት አረንጓዴ ብቻም አይደለም፤ ዝናብ ያገኘው አለ፣ ዝናብ የሚጠብቀው አለ፣ ወደ ጥቁር የሚሄድ አለ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ቅጠል ነፋስ ሲገለብጠው የሚያሳየው አለ። በዚህ አገር ተወልዳ አድጋ ሁሉንም «አረንጓዴ» እያለች ስትጠራ መኖሯ ገረማት። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው እንዴት በጥቂት ወር ለያቸው?

መምህሩ ጥግ ላይ ቆሟል። ቀጭን ነው፤ ከትውልድ አገሩ ይዞት የመጣውን ከባድ የሱፍ ካፖርት በክንዱ ይዟል። ሰው ሲገባ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል፣ ከዚያ ሥዕሉን ሳይሆን የሚያየውን ሰው ፊት ያያል።

ከእነሱ በፊት የገቡ ሦስት ሴቶች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ከቡሬ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ልጅቷ ለቀማ ሄዳ ያጧት ናቸው። አንደኛዋ ከስልክ ሽቦው ፊት ቆማ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች፣ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

«ባይኤ ባሬዳ!» አለች። በጣም ያምራል ማለቷ ነው።

«ባሬዳ፣ ባሬዳ» አሉ ሌሎቹ።

መምህሩ ፊቱ ጨለመ። በጥድፊያ ሄደና አጠገባቸው የነበረውን መስኮት ዘጋው።

ትብለጥ ገረማት። ሴቶቹ ወደሚቀጥለው ሄዱ፤ አንደኛዋ አሁንም ራሷን እየነቀነቀች «ባሬዳ» አለች። መምህሩ ያንንም መስኮት ዘጋ። በግራ በኩል ያሉት ቀድሞ ተዘግተዋል። ሴቶቹ አመስግነው ሲወጡ አዳራሹ ደብዝዞ፣ በቀኝ በኩል አንድ መስኮት ብቻ ቀርቶ ነበር።

«አዴ ዋሪቱ» አለች ትብለጥ በኦሮምኛ በሹክሹክታ፤ «አይተዋል? ሰው ባደነቀ ቁጥር መስኮት ይዘጋል።»

አዴ ዋሪቱ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው መምህሩን አዩት። «ዓይን ፈርቶ ነው» አሉ። «ሥራው እንዳይበላበት ነው። ምስኪን! ማንም አላስተማረውም እንዴ? ቆይ፣ እኔ ደግ አድርጌ አደንቅለታለሁ።»

መሐል ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቁ ሥዕል ሄዱ። በድንግዝግዙ ውስጥ የዛፍ ግንድ ብቻ ነው የሚታየው። ቢሆንም አዴ ዋሪቱ ጮክ ብለው፣ «ባይኤ ባሬዳ!» አሉ፤ ከዚያ ዓይን እንዳይነካው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ «እትፍ! እትፍ!» አሉበት።

መምህሩ ደነገጠ። የመጨረሻውን መስኮት ዘጋ፤ እየሮጠ መጣና ካፖርቱን በአዴ ዋሪቱ ትከሻ ላይ ጣለው።

«ይልበሱት እናቴ። ይኸው እያስነጠስዎት ነው፣ ጉንፋኑ ይዞዎታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቤቱ መጋዘን ስለነበር ነው።»

አዴ ዋሪቱ ካፖርቱ ውስጥ ሰጠሙ። ከአንገትጌው በላይ ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ ወደ ትብለጥ ዞሩ። «ምን አድርጌ ነው የሚያለብሰኝ?» አሉ በኦሮምኛ።

ትብለጥ ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር የሚቀላት በሽቦ ሲሆን ነው። ቢሆንም ጠየቀችው።

«መምህር፣ ለምን አለበሷቸው?»

«በርዷቸው ነዋ!» አለ። «የገባው ሁሉ በርዶታል። ከጧት ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ ስለ ሥዕሉ ቃል አልተነፈሰም። የሚያወሩት ስለ ብርድ ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ እህቴ፤ ብርድ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ይኼ ብርድ አይደለም። ግን ሰው በረደኝ ካለ ምን ይባላል? አንዱን መስኮት ዘጋሁ። የሚቀጥለው ሰው ገባ፤ በረደ አለ። ሌላውን ዘጋሁ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እጄን ይዘው ደጋግመው በረደ ሲሉኝ ትኩስ ሻይ ላስመጣልዎ አልኳቸው።»

«በረደ አሉ?»

«ቋንቋውን አልችልም፤ 'ባይኤ' በጣም ማለት እንደሆነ ግን ልጆቹ አስተምረውኛል። 'ባይኤ በረዳ' ማለት በጣም በረደ አይደለም?»

ትብለጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁለቱንም ቃላት ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቃቸዋለች። አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው አታውቅም ነበር።

«መምህር» አለች፣ ሳቋን እየዋጠች፣ «'ባሬዳ' ማለት እኮ ያምራል ማለት ነው።»

ሽበሺ የተዘጉትን መስኮቶች በየተራ አያቸው፤ እያንዳንዱ የተዘጋው በማን ምክንያት እንደሆነ የሚያስታውስ ይመስል።

«ሁሉም?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ የሰማኋቸው ሁሉም።»

«ሽማግሌውም?»

«ሽማግሌውማ እጅዎን ይዘው ምን ሊሉዎት ኖሯል?»

«እኔ ደግሞ ሻይ…» አለና ግንባሩን መታ። «ብርድስ? ብርድ ምን ይባላል?»

«ቆራ።»

«ቆራ» አለ፣ አንድ ጊዜ፣ እንዳይጠፋበት። «ቆራ።»

አዴ ዋሪቱ ነገሩ ሲነገራቸው ከነካፖርቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። የሳቁት እንባቸው እስኪመጣ ነው። «እኔ ደግሞ እትፍ እልልሃለሁ!» አሉት፤ አማርኛ ሲፈልጉ ይናገራሉ። «ተነሥ፣ ክፈተው! ጨለማ ውስጥ ምን አያለሁ እኔ? እጅህ አይዛል፣ ክፈተው!»

ሽበሺ በቀኝ፣ ትብለጥ በግራ እየሄዱ ከፈቱ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ ነበር። ብርሃኑ ከሁለቱም ወገን በየመስኮቱ እየገባ መሐል ግድግዳው ላይ ሲደርስ ትልቁ ሥዕል ተገለጠ።

ቀረሮ ዛፍ ነው። ግንዱ ከሥዕሉ ግርጌ ይነሣና ይወጣል፣ ይወጣል፤ ሰው ሳያስበው አንገቱን ያቀናል። እላይ፣ ቅርንጫፉ ከሚጀምርበት ዘንድ፣ አንድ ሰው በጠፍር ራሱን ከግንዱ ጋር አስሮ ቀፎ በገመድ እየሳበ ነው። የሰውዬው ፊት አይታይም። የሚታየው የእግሩ መዳፍ ነው፣ በግንዱ ላይ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ተከፋፍተው፤ ከዚያ የቁምጣው ጫፍ፣ ከዚያ ክርኑ፣ ከዚያ ሰማይ። ገመዱ ወደታች እየወረደ ወደሚያየው ሰው ይመጣል፤ መጨረሻው ከሥዕሉ ውጭ ነው። ያየ ሰው እጁን ለመዘርጋት ይቃጣዋል።

አዴ ዋሪቱ ተነሡ። አሁን አልሳቁም፤ «ባሬዳ»ም አላሉም። ወደ ሥዕሉ ቀረቡ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ትንሽ ወደ ግራ። እዚያ ቆሙ።

«የእኔ ቦታ እዚህ ነው» አሉ በኦሮምኛ።

«ምን አሉ?» አለ ሽበሺ።

ትብለጥ ተረጎመችለት። አዴ ዋሪቱ ቀጠሉ፤ እሷም ተከትላ እየተረጎመች። ባላቸው ኩማ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ ቀፎ ሰቃይ ነበር። እሱ ይወጣል፤ እሳቸው ከታች የገመዱን ጫፍ ይዘው ይቆማሉ። ገመዱ እንዳይወዛወዝ መያዝ የሚስት ሥራ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባላቸውን ያዩት እንዲህ ነው፣ ከእግሩ መዳፍ ጀምረው። ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም፤ የሚነገር ነገር አልመሰላቸውም።

«ከታች የቆመ ሰው መኖሩን ማን ነገረው?» አሉ፣ ወደ ሽበሺ ዞረው።

ሽበሺ ጆሮው ቀላ። «ማንም» አለ። «እኔም የቆምኩት ከታች ስለነበረ ነው።»

«ኩማ ይህን አላየም» አሉ አዴ ዋሪቱ። «ራሱን ከታች አይቶ አያውቅም። ሊያየው ይገባል።»

ጓድ ደርበው የገባው ያን ጊዜ ነው። ጎሬ ተወልዶ ያደገ፣ ወፍራም፣ ሳቅ የማያጣው ሰው ነው፤ ካኪ ልብሱ ከደረቱ ላይ ጠቦታል። በሩ ላይ ቆሞ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ለካ፤ ወንበሮቹ በስንት ረድፍ እንደሚገቡ እያሰላ መሆኑ ያስታውቃል።

«እህ፣ መምህር ሽበሺ። ሰዓቱ ደርሷል። ሕዝቡ ምን አለ?»

ሽበሺ ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ቃሉን ያውቀዋል። ተርጉሞ ሊናገር ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሰዎቹ እንዳሉት ሊናገር ፈለገ።

«በረዳ አሉ፣ ጓድ።»

«በረዳቸው?» ጓድ ደርበው ዞር ዞር ብሎ አየ። «ታዲያ መስኮቱን ሁሉ ምን አስከፈተህ? ዝጋዋ!»

ትብለጥ ዓይኗን ጨፈነች። አዴ ዋሪቱ ግን ካፖርቱን እየጎተቱ መሐል ገቡና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኦሮምኛ አወረዱት፤ እትፍ እትፉን ሳይቀር። ጓድ ደርበው መጀመሪያ ፊቱን አኮሳተረ፣ ከዚያ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሻይ ላስመጣልዎ አለ?» አለ በሳቅ መሐል። «ባሬዳ ላሉት ሰውዬ?»

«ላስመጣ ነበር» አለ ሽበሺ።

ጓድ ደርበው ዓይኑን ጠረገ። የባለሥልጣን ፊቱን መልሶ ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት። «ጥሩ። ሣቅን። ግን ጥያቄው ሕዝቡ ወደደው ወይ ነው። አሁን እዚህ የማየው አንዲት እናት ናቸው። አንዲት እናት ደግሞ…»

«እኔ ሕዝብ አይደለሁም?» አሉ አዴ ዋሪቱ፣ አሁን በአማርኛ። «በስብሰባ ጊዜ ሕዝብ ነሽ ትሉኛላችሁ። ሕዝቡ ያጨብጭብ ስትሉ አጨበጭባለሁ። ሥዕል ሳይ ጊዜ ነው ዋሪቱ ብቻ የምሆነው?»

ጓድ ደርበው ዞሮ ዛፉን አየ። ሳያስበው አንገቱ ቀና አለ።

«ምን ይፈልጋሉ፣ እናቴ?»

«ባሌ ይየው። ያ እሱ ነው። ኩማ ነው።»

«ባላቸውን ነው የሳልከው?» አለ ጓድ ደርበው።

ትብለጥ የሽበሺን ፊት አየች። ኩማ ዛፍ መውጣት ትቷል፤ ሽበሺ ደግሞ የመጣው በመስከረም ነው። ይህን ከጓድ ደርበው በቀር ሦስቱም ያውቃሉ።

«በሁሩሙ መንገድ ሳልፍ ያየሁት ሰው ነው» አለ ሽበሺ። «ፊቱን አላየሁም። ስሙን አላውቅም። እሳቸው ኩማ ነው ካሉ፣ ኩማ ነው።»

ጓድ ደርበው ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። «እሺ» አለ። «ባልዬው እስኪያዩት ይቆይ። እስከ ቅዳሜ። ከዚያ በኋላ አይሆንም!»

ሰኞ ጧት ትብለጥ ገመዷን ሰካች። «ጎሬ፣ ጎሬ፣ መቱ ነኝ።» መስመሩ እስኪገናኝ ድረስ የጎሬዋ እታፈራሁ እንደ ልማዷ፣ «ምን አዲስ ነገር አለ እዚያ?» አለቻት። ትብለጥ እንደ ልማዷ «ምንም» አላለችም። የጎሬን ዳገት፣ አውቶቡሱን፣ የማይገፋውን ሰውዬ ነገረቻት። እታፈራሁ ጮኸች፤ «ባርኔጣ አለው? አውቀዋለሁ! እኛ ሠፈር ነው!» ለቡሬም ነገረች። የቡሬ ድምፅ በቅጠሎቹ መሐል አልፎ መጣ፤ «እውነት ሽቦው አለ? የእኛው ሽቦ?» ለሁሩሙ መልእክት ላከች፤ ኦቦ ኩማ እንዳይቀሩ።

ቅዳሜ ሳይዘንብ ዋለ። ትብለጥ ስትደርስ አራርሳ በሩ ላይ ሰው ሲያሰልፍ ነው ያገኘችው፤ ሥልጣን አግኝቶ አብጧል። ከጎሬ በአውቶቡስ የመጡ አሉ፤ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ይመሰክራል። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሁሉ ሥዕሉ ፊት ሲደርስ ይሳቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። የቡሬዋ ኦፕሬተር መጥታ ሽቦው ፊት ቆማለች፤ ትብለጥ ፊቷን አይታው አታውቅም፣ ድምፅዋን ግን ገና «አቤት» ስትል ለየችው፤ ተቃቀፉ። መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። «ባሬዳ» የሚለው ቃል ከዚህም ከዚያም ይነሣል፤ ሽበሺም በሰማው ቁጥር ጎንበስ ይላል። ደንበኛ ጌታ መስሏል።

ጓድ ደርበው ወንበር የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጥቶ ነበር። በር ላይ ቆሞ ሰዉን አየ። ቆየና ወንበር ወደያዙት ዞረ።

«ወደ ምግብ አዳራሹ ውሰዱት» አላቸው። «ክበቡ እዚያ ይሁን። ሲርበን እናሳጥረዋለን።»

አዴ ዋሪቱና ኦቦ ኩማ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ኦቦ ኩማ ረጅም፣ በበትር የሚሄዱ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። አዴ ዋሪቱ በክንዳቸው ይዘው መሐል ግድግዳው ፊት አመጧቸውና፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ አስተካክለው የራሳቸው ቦታ ላይ አቆሟቸው።

«ያ አንተ ነህ» አሏቸው። «ከእኔ ዘንድ ሲታይ እንዲህ ነህ።»

ኦቦ ኩማ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። የእግሩን መዳፍ አዩ፣ ጠፍሩን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። አዴ ዋሪቱ ሥዕሉን ትተው የባላቸውን ፊት ይጠብቃሉ። ትብለጥና ሽበሺም እንደዚያው።

«ቆራ» አሉ ኦቦ ኩማ በመጨረሻ፣ በዝግታ።

ሽበሺ ቃሉን አውቆታል። እጁ ወደ መስኮቱ ሄደ። ትብለጥ እጅጌውን ያዘችው።

«ይተዉት መምህር» አለች። «እዚህ አይደለም የበረዳቸው።»

ኦቦ ኩማ በበትራቸው ወደ ዛፉ ራስ አመለከቱ። «ነፋሱ» አሉ። «ጧት ጧት እላይ ነፋስ ነበር፤ ከታች አይታወቅም። እጄ ይደነዝዝ ነበር። ገመዱን የያዝሁ አይመስለኝም ነበር።»

አዴ ዋሪቱ ዛፉን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። «ነግረኸኝ አታውቅም» አሉ። «እኔ እኮ ከታች ሆኜ… እኔ ባሬዳ ነበር የምለው።»

«ይሰማኝ ነበር» አሉ ኦቦ ኩማ።

አዳራሹ ሞቃት ነበር። ፀሐዩ በሁለቱም ወገን ይገባል፤ ሰዉም ተጨናንቋል። ሽበሺ ጥግ ላይ የሰቀለውን ካፖርት አወረደ፤ ቀስ ብሎ ከኋላ መጣና በሽማግሌው ትከሻ ላይ ደረበው። ኦቦ ኩማ ዞር ብለው ማን እንደሆነ አላዩም። በግራ እጃቸው አንገትጌውን ሰብሰብ አደረጉና ዛፉን ማየታቸውን ቀጠሉ።